ዘሩ የበጀት ዓመት አያውቅም

ካልንሳላ ትባላለች፣ ከላትቪያ በስተምሥራቅ፣
ሐይቅ ዳር የተቀመጠች፣ ከሪጋ እጅግ የምትርቅ።
የቀበሌዋ ሒሳብ ያዥ ነኝ፤ ሦስት መዝገብ አለኝ፤
አንዱ የበረዶ ጠረጋ፣ አንዱ የመንገድ መብራት፤ እንቅልፍ አይነሡኝ።
ሦስተኛው ግን፣ ዝናብ ነክቶት ሽፋኑ ያበጠው፣
የአንድ አረም ስም ብቻ ነው ያለው።

ላትቫኒስ።
ቁመቱ ሁለት ሰው፣ አንዱ አንዱን አዝሎ፤
አበባው ነጭ ጃንጥላ፣ ዝናብ ሳይኖር ተዘርግቶ የሚውል፤
ወተቱ ክንድ ላይ ሲያርፍ ምንም አይልም፣ ይጠብቃል፤
ደመናው ገለጥ ሲል፣ ፀሐይ ስታየው፣ ያኔ ያቃጥላል።
ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤
እኛ ዘንድ ቅጠሉ ራሱ ነው እሳቱ፤
ምክሩም እንደ ደብዳቤያችን ዘግይቶ ነው መምጣቱ።

በኅዳር፣ ምክር ቤቱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲሰበሰብ፣
ጌደርትስ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ፤ "የባዕድ ዘር ነው! ይነቀል!
ምን ሊያደርግ መጣ? አገሬን ሊያቃጥል!"
ተጨበጨበ። የኔም መዳፍ ሊጋጠም ነበር።
አውስማ ቆመች፤ የሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፣ የድሮው ኮልኮዝ አግሮኖም፤
"በእግሩ አልመጣም።
ከባቡር ጣቢያ፣ በከረጢት፣ ፈርሜ የተረከብሁት፣
እኔ ነኝ በጋሪ ያመጣሁት።
የላም መኖ ነው ተባለ። ላሞቹ በሉ፤ ወተቱ መረረ።
አርባ ሄክታር ዘርቼ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ቀረ።
ኮልኮዙ ፈረሰ፤ አጫጁ ተሰደደ፤ ተዘሪው አልተባረረ።"
ጌደርትስ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ማመልከቻ፣ "የመሬቱ ባለቤት አልታወቀም" ተብሎ ተመለሰ።
ሁለተኛው፣ ቅጹ ተለውጦ ነበርና፣ ሳይነበብ ተመለሰ።
በሦስተኛው አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ዩሮ፣ ለሦስት ዓመት፣ ደረሰ።
ስድስት አካፋ። አራት የፕላስቲክ ልብስ። መነጽር።
የታሊቫልዲስ ደመወዝ፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ።
የታሊቫልዲስ የቃጠሎ ቅባት፣ ከራሱ ኪስ።
(ለዚህ ዓምድ የለኝም።)

ሥሩን ከአፈር በታች፣ ጣቶች ያህል ወርደን ቆረጥን፤
አበባውን በጆንያ አንገቱን አስረን አፈንን፤
በሦስተኛው በጋ አንድም ጃንጥላ አልተዘረጋም።
ሪፖርቱን በደስታ ጻፍሁ፤ "ያበበ፦ ዜሮ።"
መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ፤ እንዲህ የሮጠ ደብዳቤ አላየሁም፤
"ችግሩ ስለተወገደ የበጀት መስመሩ ተዘግቷል።"

ዘሩ ግን የበጀት ዓመት አያውቅም።
አራት ዓመት ይተኛል፣ አምስት ዓመት፣ ከነቂሙ፤
ከወንዙ ራስ ያሉት ጎረቤቶቻችን ደግሞ
አንድ ዩሮ አላገኙም፤ ዘንድሮም አብበው ከረሙ፤
ውኃው የነሱን ለኛ ያመጣል፣
የወሰን ድንጋዩን ሳያነብ ያልፋል።

በሚያዝያ መጀመሪያ አውስማ ቢሮዬ ገባች፣ ቦቲዋ ጭቃ ለብሶ፤
"ጻፊልኝ" አለች፤ "መቶ አሥራ ሁለት።"
"ብር ነው?"
"ሥር ነው።
አርባ ሄክታር ተረክቤ ነበር፤ ይኸው መመለስ ጀምሬያለሁ።
ቀሪውን አስልተሽ ንገሪኝ፤ ቁጥር ላይ ደክሜያለሁ።"

ገቢ ልበለው? ወጪ? ኦዲተሩ በሰኔ ነው የሚመጣ።
በእርሳስ አንድ መስመር አሰመርሁ፣ ቀለም እንዳይወጣ።
ቀና ስል ሄዳለች፤
አካፋዋን በሩ ላይ አስደግፋ ትታለች።
ረስታው ነው ብዬ ልጠራት መስኮቱን ከፈትሁ፤
ከዚያ እጀታውን አየሁ፤
አዲስ ነው፣ የተላገ፣ አጠር ያለ፤
ለሷ ቁመት አይሆንም።